ካምቢዮው ተመልሶ ገባ፣ መብራቱ ግን አልጠፋም

አውቶማቲክ ካምቢዮ ወርዶ፣ ታድሶ፣ ተመልሶ ከተገጠመ በኋላ የቼክ ኢንጂን መብራት አልጠፋ ሲል ባለቤቱም መካኒኩም ቶሎ የሚደርሱበት ድምዳሜ አንድ ነው፦ ካምቢዮው አልተሠራም። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ ያለው ካምቢዮው ውስጥ ሳይሆን ካምቢዮውን ለማውረድ ሲባል በተነካው ነገር ላይ ነው፤ በደንብ ያልገባ ሶኬት፣ ሳይታሰር የቀረ የግራውንድ ሽቦ፣ በሁለት ብረት መካከል የተቀረቀረ ገመድ። ይህን ያላወቀ ሰው ብዙ ዶላር ከፍሎ ደህናውን ካምቢዮ ሁለተኛ ጊዜ ያስወርዳል። እኔም ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

መኪናዬ ሸቭሮሌት ሲልቨራዶ ናት፣ በአሜሪካ የሁለተኛ እጅ ገበያ ላይ በብዛት ከሚገኙት ፒካፖች አንዷ። ካምቢዮዋ 4ኤል60-ኢ ይባላል። ባለ አራት ማርሽ ሲሆን ጄኔራል ሞተርስ ከ1993 ጀምሮ ለሃያ ዓመት ያህል በፒካፖቹና በትልልቅ የቤተሰብ መኪኖቹ ላይ ገጥሞታል። ታድሶ ከተመለሰላት በኋላ ከጋራዡ ስወጣ መኪናዋ ከቆመችበት ለመነሳት ታቃስታለች፤ ከፓርክ ወደ ድራይቭ ስቀይር ከስር «ጓ!» ትላለች፤ ከተነሳች በኋላ ደግሞ ማርሽ የሚባል ነገር አትቀይርም። ስካነር፣ ማለትም የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገባቸውን የብልሽት ኮዶች የሚያነብ መሣሪያ፣ ሲሰካ አምስት ኮድ አነበበ፦ ፒ0753፣ ፒ0758፣ ፒ0740፣ ፒ0785 እና ፒ1860። ጋራዡ «የታደሰው ካምቢዮ ራሱ ብልሽት አለበት፣ ሌላ ይምጣ» አለኝ። ዕድሜውን በሙሉ የመኪና ኤሌክትሪክ ሲሠራ የኖረ አንድ አባት ዘንድ ወሰድኳት። ከፍቶ ሳያይ፣ ትንሽ ነድቷት ብቻ፣ «ልጄ፣ ካምቢዮው ሞቶ ቢሆን ኖሮ ሦስተኛ ማርሽን እንዲህ አጥብቆ አይዝም ነበር። ይሄ መብራት የተቋረጠበት ካምቢዮ ነው» አለኝ። መብራት ያለው ኤሌክትሪኩን ነው።

እንዴት አወቀ? 4ኤል60-ኢ ማርሽ የሚቀይረው ኤ እና ቢ በሚባሉ ሁለት ሶሌኖይዶች ነው። ሶሌኖይድ ማለት በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ትንሽ የዘይት ቫልቭ ነው። ለመጀመሪያ ማርሽ ሁለቱም ኤሌክትሪክ ያገኛሉ። ለሁለተኛ አንደኛው ይጠፋል፣ ሌላው እንደበራ ይቆያል። ለሦስተኛ ሁለቱም ይጠፋሉ። ለአራተኛ የመጀመሪያው ብቻ ተመልሶ ይበራል። እንግዲህ ኤሌክትሪኩ ከናካቴው ሲቋረጥ ካምቢዮው የሚያርፈው የት ነው? ሁለቱም በሚጠፉበት በሦስተኛ ማርሽ። መሐንዲሶቹ ሆን ብለው ያደረጉት ነው፤ ኤሌክትሪክ በጠፋ ጊዜ ሾፌሩ መንገድ ላይ እንዳይቀር፣ ቢያንስ ቤቱ ወይም ጋራዥ እንዲደርስ። የዘይቱን ግፊት የሚቆጣጠረው ሶሌኖይድም ኤሌክትሪክ ሲያጣ፣ ወይም ኮምፒውተሩ ጥፋት አይቶ ሲቆርጥበት፣ ግፊቱ ወደ ላይኛው ጣሪያ ይወጣል። ክላቾቹ ሳይንሸራተቱ ጥርቅም ብለው እንዲይዙ ነው። ያ «ጓ!» የሚለው ድምፅም ከዚህ ሊመጣ ይችላል። ሾፌሩ «ካምቢዮው ተሰበረ» ብሎ የሚደነግጥበት ምልክት ሁሉ ካምቢዮው ራሱን እየጠበቀ መሆኑን ሊያሳይ ይችላል ማለት ነው።

አሁን ወደ ኮዶቹ። ከ1996 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጡ መኪኖች ሁሉ ኦቢዲ-2 በሚባለው አንድ ዓይነት የኮድ ቋንቋ ይናገራሉ። የመጀመሪያዋ ፊደል ፒ ከሆነች ጉዳዩ ሞተርና ካምቢዮ ነው፤ ዩ ከሆነች በኮምፒውተሮቹ መካከል ያለው ግንኙነት። ከፒ ቀጥሎ 0 ካለ ኮዱ ለሁሉም አምራቾች የጋራ ነው፤ 1 ከሆነ አምራቹ ለራሱ ያወጣው ነው። ቀጥላ የምትመጣው 7 ወይም 8 ካምቢዮን ታመለክታለች። እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው።

ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ፒ0753 «ሶሌኖይድ ኤ ተበላሽቷል፣ ቀይሩት» አይልም። የሚለው «በሶሌኖይድ ኤ መስመር ላይ የጠበቅሁትን ቮልቴጅ አላየሁም» ነው። መስመሩ ከፊውዝ ይነሳል፣ በሽቦ ወደ ካምቢዮው ይወርዳል፣ በሶኬት ያልፋል፣ በሶሌኖይዱ ውስጥ ያልፋል፣ በሌላ ሽቦ ተመልሶ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይገባል። ኮምፒውተሩ ከዚህ ሁሉ መንገድ የሚያየው መጨረሻውን ብቻ ነው። በመንገዱ ላይ የትኛውም ቦታ ቢቋረጥ ለእሱ ያው ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ ከደሴ የሚጠብቀው አውቶቡስ ያልመጣለት ሰው አውቶቡሱ ጣርማ በር ላይ ይቁም ደብረ ብርሃን ላይ እንደማያውቀው ሁሉ።

ስለዚህ ከአንድ ኮድ ይልቅ የኮዶቹ ስብስብ የበለጠ ይናገራል። የእኔ አምስት ኮዶች የአምስት የተለያዩ ሶሌኖይዶች ናቸው፤ ሁለቱ የማርሽ ሶሌኖይዶችና ካምቢዮው ለሌላ ሥራ የሚጠቀምባቸው ሌሎች ሦስት። አምስት ክፍሎች በአንድ ቀን አብረው ይሞታሉ ብሎ ማመን ይከብዳል። ታዲያ አምስቱ የሚጋሩት ነገር ምንድን ነው? በ4ኤል60-ኢ ላይ አምስቱም 12 ቮልታቸውን የሚያገኙት በአንድ ሮዝ ሽቦ ነው፤ ሽቦዋ በካምቢዮው ጎን ባለው ክብ፣ ባለ 20 ፒን ሶኬት በኩል ኢ በምትባለው ፒን ትገባለች። ግፊት የሚቆጣጠረው ሶሌኖይድ ብቻ ኤሌክትሪኩን በቀጥታ ከኮምፒውተሩ ስለሚያገኝ ከዚህ ቤተሰብ ውጭ ነው፤ የእሱ ኮድ ፒ0748 ነው፣ እኔ ጋ ደግሞ አልነበረም። ያ አለመኖሩ ራሱ ማስረጃ ነበር። ኮምፒውተሩ ደህና ነው፣ ሶኬቱም ቢያንስ በከፊል ተሰክቷል፣ የጠፋው የጋራው መስመር ነው ማለት ነው።

አዛውንቱ ፊውዙን አወጣ፤ ተቃጥሏል። አዲስ ከተተ፣ ቁልፉን ገና ሲያዞር ያም ተቃጠለ። ከዚያ ያደረገውን በደንብ ልብ በሉልኝ፣ የምርመራ ጥበብ ማለት ይህ ነውና። ባለ 20 ፒኑን ሶኬት ከካምቢዮው ነቀለና ሦስተኛ ፊውዝ ከተተ። አሁንም ተቃጠለ። በዚህች አንድ ድርጊት ካምቢዮው ከክሱ ነጻ ወጣ፤ ተነቅሎ ሳለ ፊውዝ ሊያቃጥል አይችልምና። ሶኬቱ ሲነቀል ፊውዙ ቢተርፍ ኖሮ ጥፋቱ ካምቢዮው ውስጥ፣ ከውስጠኛው ሽቦ ወይም ከሶሌኖይዶቹ ላይ ነበር የሚፈለገው። ከዚያ በባትሪ መብራት ሽቦውን ከሶኬቱ ወደ ላይ ተከተለ። ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር በሚጋጠምበት፣ እንደ ደወል ሰፊ በሆነው ቤት አናት ላይ፣ ከዕቃ ጀርባ ለዓይን በማይመች ቦታ፣ የሽቦው ጥቅል በሁለቱ ብረቶች መካከል ተቀርቅሮ ነበር። ካምቢዮው ወደ ላይ ሲገፋ ጥቅሉን ወደ ጎን የያዘለት እጅ አልነበረም። የላይኞቹን ብሎኖች አላልቶ ሽቦውን አወጣ፣ የተላጠውን በብየዳ ቀጠለ፣ ሸፈነው፣ ከብረቱ አርቆ አሰረው። አራተኛው ፊውዝ እስከ ዛሬ አለ።

የተቀረቀረ ሽቦ ሁልጊዜ እንዲህ አይጮህም። ሽፋኑ ብቻ ተልጦ መዳቡ ብረት ሊነካ ትንሽ የቀረው ሽቦ ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ሲለካ ደህና ይመስላል፣ ጉድጓድ ሲመታ ወይም ሞተሩ ሲያጋድል ብቻ ይነካል። «ኮዱ በሳምንት አንዴ ይመጣል፣ አጥፍተን እንተወዋለን» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይኸኛው ነው። ሞተሩን አስነስቶ፣ ስካነሩን እያዩ፣ ጥቅሉን በእጅ ክንድ በክንድ ወዝወዝ ማድረግ ከየትኛውም ውድ መሣሪያ ይበልጣል።

ሶሌኖይዶቹን ራሳቸውን መጠርጠር ካስፈለገም ካምቢዮውን ማውረድ አያስፈልግም። ሶኬቱን ነቅሎ በካምቢዮው በኩል ባሉት ፒኖች ላይ በቴስተር መለካት ይቻላል። ከኢ ፒን እስከ ሁለቱ የማርሽ ሶሌኖይዶች ፒን ድረስ ካምቢዮው በቀዘቀዘበት ከ19 እስከ 24 ኦም (ኦም ሽቦ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚቋቋም መለኪያ ነው)፣ በጋለ ጊዜ እስከ 31 ገደማ ይነበባል። የግፊቱ ሶሌኖይድ ከ3 እስከ 5 ኦም ነው። ቁጥሮቹ እዚያ ውስጥ ከሆኑ የሶሌኖይዶቹ ጥቅልል ሽቦ ደህና ነው፣ ስለ ኤሌክትሪክ የሚናገር ኮድ ቢኖርም እንኳ ችግሩ ከሶኬቱ ወዲህ፣ በመኪናው ሽቦ በኩል ነው። ሶኬቱን ሲነቅሉ ፒኖቹን በደንብ ማየት ነው። አንዷ ጎብጣ ወደ ውስጥ ገብታ ከሆነ፣ ሶኬቱ «ቀጭ» ብሎ ቢዘጋም እሷ አልነካችም። ሶኬቱ ውስጥ ዘይት ከተጠራቀመም መጽዳት አለበት።

ግራውንድ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ የማይገቡ ኮዶች የሚወለዱት እዚህ ነውና። ኤሌክትሪክ ወደ ክፍሎቹ በሽቦ ይሄዳል፣ ሲመለስ ግን በሞተሩና በካምቢዮው ብረት አድርጎ፣ በተሸረቡ የግራውንድ ገመዶች በኩል ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ይደርሳል። በእነዚህ ፒካፖች ላይ አንዳንዶቹ ገመዶች የሚታሰሩት ከሞተሩ ኋላ፣ ከካምቢዮው አናት አጠገብ ነው። ካምቢዮ ሲወርድ ይፈታሉ፣ ሲመለስ በጨለማ ቦታ ስለሆኑ ይረሳሉ፣ ወይም ዝገትና ቅባት ላይ ይታሰራሉ። ኤሌክትሪኩ መመለሻ ሲያጣ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ በሴንሰር ሽቦ፣ በማርሽ ኬብል፣ ባገኘው ሁሉ። ያኔ እርስ በርሳቸው የማይዛመዱ ኮዶች፣ የካምቢዮውም የሞተሩም የፍሬኑም፣ አንድ ላይ ይፈነዳሉ።

ይህን በኦም መለካት ያታልላል። የውሃ ጎማን አስቡ። ጫፉ ተዘግቶ ሳለ፣ መሐሉ ላይ ቢታጠፍም ውስጡ ያለው ግፊት ሙሉ ነው። ጫፉ ሲከፈት ግን ቀጭን ጠብታ ብቻ ይወጣል። ከሃያ ክሮች አንዱ ብቻ የቀረው የግራውንድ ገመድ በቴስተር ሲለካ ዜሮ ኦም ሊያሳይ ይችላል፣ ሞተሪኖው ሲነሳ ግን ያንን ጅረት መሸከም አይችልም። ስለዚህ የሚለካው በሥራ ላይ ነው። ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርጎ አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን በካምቢዮው ንጹሕ ብረት ላይ ማኖርና አንድ ሰው ሞተሩን ሲያስነሳ ማንበብ ነው። ጥቂት የቮልት አስረኛዎች ቢሆን ችግር የለውም። ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየ መመለሻው መንገድ ታሟል። በዚያው ባትሪውንም ይለኩ። መኪናው ሳምንታት ጋራዥ ውስጥ ከቆመ ባትሪው ደክሟል። ሳይነሳ 12.6 ቮልት አካባቢ ያልያዘ፣ ወይም ሞተር ሲነሳ ከ9.6 በታች የሚወርድ ባትሪ ኮምፒውተሮቹን እያደናበረ የውሸት ኮድ ያስጽፋል። ሁሉም ምርመራ ከባትሪ የሚጀምረው ለዚህ ነው።

ካምቢዮ ለማውረድ የጭስ ማውጫውም ብዙ ጊዜ ይፈታል፣ የኦክስጅን ሴንሰሮቹ ሽቦ ከእሱ ጋር ይንቀሳቀሳል። ተመልሶ ሲታሰር ሽቦው የጋለ ቱቦ ላይ ተኝቶ ይቀልጣል። ከዚያ ፒ0135፣ ፒ0141፣ ፒ0155 ወይም ፒ0161 ይመጣሉ፤ አራቱም የሚናገሩት ስለ ሴንሰሮቹ ማሞቂያ ነው፣ ከካምቢዮው ጋር አይዛመዱም፣ የመጡት ግን በካምቢዮው ሥራ ምክንያት ነው። የፍጥነት ሴንሰሩም እንዲሁ። ሶኬቱ ካልተሰካ ፒ0502 ይወጣል፣ የፍጥነት ቆጣሪው ዜሮ ላይ ይቆማል፣ ካምቢዮውም መኪናው እየሄደ መሆኑን ስለማያውቅ ማርሹ ይዛባል። በፎር ዊል መኪኖች ላይ ኃይል የሚያከፋፍለው ሳጥን ከአንድ በላይ ተመሳሳይ ሶኬት ሊኖረው ስለሚችል፣ ተቀያይረው እንዳልተሰኩ ማየት ያስፈልጋል።

ኮድ ከማጥፋት በፊት ማንበብና መጻፍ ነው። ይህን ያልኩት በምክንያት ነው። ብዙ ሰው ስካነር እንደሰካ መጀመሪያ የሚጫነው «አጥፋ» የሚለውን ነው። ከኮዱ ጋር ኮምፒውተሩ ያስቀመጠው ቅጽበታዊ መዝገብም አብሮ ይጠፋል፤ ኮዱ ሲመዘገብ ፍጥነቱ ስንት ነበር፣ ሞተሩ ምን ያህል ሞቆ ነበር፣ በየትኛው ጭነት ላይ ነበር፣ ሁሉም እዚያ ነበረ። መጀመሪያ ሁሉንም በወረቀት ወይም በስልክ ፎቶ ያስቀምጡ። ከዚያ አጥፍተው፣ ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ብቻ ያብሩ። በዚያች ደቂቃ ተመልሶ የሚመጣ ኮድ አሁን፣ በዚህ ሰዓት ያለ የኤሌክትሪክ ብልሽት ነው፤ ለመፈለግ ቀላሉ እሱ ነው። ሞተሩ ሲነሳ የሚመጣ ሌላ ነው። ግማሽ ሰዓት ተነድቶ፣ ዘይቱ ግሎ የሚመጣ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ሌላ ታሪክ ነው።

ጥፋቱ ተጠግኖም መብራቱ ወዲያው ላይጠፋ ይችላል፣ ይህም ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ኮምፒውተሩ ጥፋቱን ሳያይ ሦስት ተከታታይ የመንዳት ዙሮችን ሲጨርስ መብራቱን በራሱ ያጠፋል፤ ኮዱ ከማኅደሩ የሚፋቀው ደግሞ ሞተሩ ቀዝቅዞ ተነስቶ ከሞቀ 40 ጊዜ በኋላ ነው። ከ2010 ሞዴል አካባቢ ጀምሮ የገቡት ቋሚ ኮዶች የሚባሉት ደግሞ በስካነርም ባትሪ በመንቀልም አይጠፉም። የሚያጠፋቸው ኮምፒውተሩ ራሱ ነው፣ ያንን ክፍል ደግሞ ፈትሾ ደህና መሆኑን ሲያረጋግጥ። የሰሜን ቨርጂኒያ ነዋሪ ከሆኑ ይህ ኪስዎን ይነካል። እዚያ በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ አለ። ከምርመራው ዋዜማ ኮድ አጥፍቶ መሄድ አያዋጣም፤ መሣሪያው መኪናው ራሱን ፈትሾ እንዳልጨረሰ ያያልና ይመልሰዎታል። ከጥገናው በኋላ ጥቂት ቀን በከተማም በሀይዌይም መንዳት ነው።

አዲሶቹ ካምቢዮዎች አንድ ሌላ ነገር ይጨምራሉ። 4ኤል60-ኢን የተካው ባለ ስድስት ማርሹ 6ኤል80 ኮምፒውተሩን የያዘው ውስጡ፣ በዘይት ተነክሮ ነው። ከተጋጨ መኪና ላይ የወጣ 6ኤል80 ሲገጠም የአሮጌውን መኪና ፕሮግራም ይዞ ይመጣል፤ ለአዲሱ መኪና እንደገና ካልተጫነ መብራቱ አይጠፋም፣ ብረቱ ምንም ቢያምር። ከእድሳት በኋላም ክላቾቹ ስንት ዘይት እንደሚጠጡ ኮምፒውተሩ እንዲማር በስካነር የሚታዘዝ የመማሪያ ሥርዓት አለ። ያ ካልተደረገ ማርሽ ሲቀይር ይመታል ወይም ይንሸራተታል። በፎርድ ባለ ስድስትና ባለ አሥር ማርሾች ላይም የሶሌኖይዶቹን ክፍል የሚገልጽ መለያ ቁጥር ወደ ኮምፒውተሩ መግባት አለበት። በእነዚህ መኪኖች ላይ ዩ0101 ከመጣ፣ ትርጉሙ የካምቢዮው ኮምፒውተር መልስ አልሰጠም ነው። ባትሪው ተነቅሎ በስካነሩ መሰኪያ 6 እና 14 ቁጥር ፒኖች መካከል በ60 ኦም ፈንታ 120 ከተነበበ፣ የግንኙነቱ መስመር አንድ ቦታ ተቆርጧል።

የከባድ መኪና ሾፌሮች ቋንቋ ይለያል እንጂ ነገሩ ያው ነው። የእነሱ ኮድ ሁለት ቁጥር አለው፦ የመጀመሪያው የትኛው ክፍል እንደሆነ፣ ሁለተኛው የጥፋቱን ዓይነት ይናገራል። ሁለተኛው ቁጥር 5 ከሆነ መስመሩ ተቆርጧል ወይም ሶኬቱ ወጥቷል፤ 3 ወይም 4 ከሆነ ቮልቴጁ ከሚገባው በላይ ወይም በታች ሆኗል። ካምቢዮ ገና ከተገጠመ በኋላ 5 ማየት ማለት ሶኬት ፈልጉ ማለት ነው።

ታዲያ ካምቢዮው ራሱ የሚከሰሰው መቼ ነው? የኮዱ ቃል ኤሌክትሪክ ሳይሆን መንሸራተት ሲሆን። በ4ኤል60-ኢ ላይ ዋናው ፒ1870 ነው፤ ኮምፒውተሩ የሞተሩን ዙርና የመውጫውን ዙር አነጻጽሮ «ውስጥ የሚንሸራተት ነገር አለ» ሲል የሚጽፈው። በዚህ ካምቢዮ ላይ የታወቀው ምክንያት የቶርክ ኮንቨርተሩን (የሞተሩን ኃይል በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈውን ክፍል) መቆለፊያ የሚመራው ቫልቭ የሚመላለስበት የአሉሚኒየም ቀዳዳ መበላቱ ነው። ፒ0741ም የዚሁ ዘመድ ነው። እዚህም ቢሆን መጀመሪያ ዘይቱን ማየት ነው፦ ሞተሩ እየሠራ፣ ካምቢዮው ግሎ፣ ፓርክ ላይ። ባዶውን የተገጠመ ካምቢዮ ከነኮንቨርተሩ ከ10 ሊትር በላይ ሊጠጣ ይችላል። የታችኛው የዘይት መያዣ ብቻ ሲወርድ የሚጨመረውን 5 ሊትር ያህል ጨምሮ የዘጋ ሰው ካምቢዮውን በጥማት ያንሸራትተዋል።

ዘይቱ ልክ ሆኖ፣ ባትሪውና ግራውንዱ በሥራ ላይ ተለክተው፣ ሶኬቱ ተነቅሎ ፒኖቹ ታይተው፣ ሶሌኖይዶቹ ቁጥራቸውን ሰጥተው፣ ፒ1870 አሁንም ዘይቱ በጋለ ቁጥር ከተመለሰ መጀመሪያ የሚከፈተው የዘይት መያዣው ነው። የቫልቮቹ ቤት ካምቢዮው መኪናው ላይ እንዳለ ከታች ይወጣል፣ ያ የተበላ ቀዳዳም እዚያው ይጠገናል። መያዣው ሲወርድ ግን ከሥሩ በማግኔቱ ዙሪያ ከደቃቅ ግራጫ ዱቄት አልፎ የብረት ስባሪ ወይም ጥቁር የክላች ፍርፋሪ ከተገኘ፣ ያን ጊዜ ካምቢዮው ይውረድ።